ባለ አንድ እግሯ ወፍ

ተቆጪ ሰው ነኝ። ደሴ እያለሁ እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም አኩርፋ ነው የወጣችው» ትል ነበር። ስለዚህ ይህን ሳወራ ድምፄ ከፍ ቢል ታገሡኝ፤ የዛሬው ቁጣዬ ምክንያት አለው።

መቐለ የመጣሁት ለዩኒቨርሲቲ ነው። ሥነ ሕንፃ ተማርኩ፣ የከተማውን ልጅ አገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ። የምችለው ነገር ቢኖር መሣል ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የምሠራበት ትንሽ የንድፍ ቢሮ ተዘጋ፤ ጦርነቱ አልፎ መብራቱም ኢንተርኔቱም ሲመለስ ቢሮው አልተመለሰም። አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ደወለችና፣ በስልክሽ የኢንተርኔት ሥራ ገበያ ገብተሽ ለውጭ አገር ሰዎች የድርጅት አርማ ብትሥዪ በዶላር ይከፈልሻል አለችኝ። ዶላር የሚለው ቃል ቤታችን ሲገባ ባሌ እንኳ ከተጋደመበት ቀና አለ።

ገባሁ። ዓለም በሙሉ እዚያ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። አንድ ዳቦ ቤት ያለው ሰው፣ የትኛው አገር እንደሆነ እንጃ፣ አርማ እፈልጋለሁ ይላል። እኔ ዋጋዬን እጽፋለሁ። አንድ የማኒላ ልጅ ከኔ ባነሰ ይጽፋል። ከሱ ባነሰ የካራቺው ይጽፋል። ከሁሉም በታች አንዱ ይመጣና፣ መጀመሪያ ሠርቼ ላሳይህ፣ ካልወደድከው አትክፈለኝ ይላል። ፎቶአቸውን እያየሁ እንገበገባለሁ። እናንተም የቤት ኪራይ አለባችሁ፣ እናንተም ልጅ ታሳድጋላችሁ፣ ምን ነክቷችሁ ነው ራሳችሁን እንዲህ የምትጥሉት እላለሁ። እነሱም የኔን ፎቶ እያዩ ያንኑ ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ብዙ ሳልቆይ እኔም ከካራቺው በታች ወርጄ ነበርና። መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛ፣ ደጋግሞ አስተካክዪልኝ ካለኝ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ በነፃ ሠራልኝ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ጻፈልኝ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ወለሉ ላይ አልወረወርኩትም፤ ተቆጪ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

ያኔ ነው ወደ ጥልፍ የሸሸሁት። መሸሽ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም፤ የጥልፍ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እዚህ ጥልፊ የሚሉት ቀሚስ አለ፤ ከአንገት እስከ እግር በክር የተጠለፈ፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለአሸንዳ የሚለበስ። ሙሽራም ትሁን ልጃገረድ፣ የኔ ከጎረቤቴ የተለየ ይሁን ትላለች። የተለየ እንዲሆን ደግሞ የሚሥል ሰው ያስፈልጋል። የመቐለ ሙሽራ ቀሚሷን ከማኒላ አታሠራም። የካራቺውስ ልጅ መቐለ ሮማናት አደባባይ ድረስ መጥቶ የሙሽራ አንገት ሊለካ ነው? ይህን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የረባ እንቅልፍ ተኛሁ።

አሠራራችን ቀላል ነው። ከሮማናት አደባባይ ገባ ብሎ የባህል ልብስ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ትእዛዝ የምትቀበለው እሷ ናት። እኔ ከሙሽራዋ ጋር ቁጭ ብዬ አወራና ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ እሥላለሁ፣ መስመሩን በመርፌ እበሳሳዋለሁ፣ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግቼ በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ የጠመኔ ዱቄት እደበድብበታለሁ። ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕሉ በነጠብጣብ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው የአያ ሥራ ነው። አያ በትግርኛ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ሥጋ ዘመዴ አይደለም፣ ግን እንዲያ ነው የምጠራው። ስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ነጠብጣቡን በክር ይከተላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁሓ ባለው የኔና የባሌ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ አብረን እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ይሰማል ብዬ ነው እንግዲህ የማስበው።

አንድ ደንብ ነበረን፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ንድፍ የሚሠራው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው። ቀሚሱ ሲያልቅ የተበሳሳውን ወረቀት ጠቅልለን ከቀሚሱ ጋር ለባለቤቷ እንሰጣለን፤ ሌላዋ መጥታ ያንኑ ሥሩልኝ ብትል ወረቀቱ እኛ ጋ የለም። ባለ ሱቋ መጀመሪያ ላይ ቂል መሰልኳት። ሙሽሮቹ ግን የሚከፍሉት ለዚሁ ነበር፤ ክፍያውም ለኔም ለአያም ቤት ይበቃል። ሀብታም ሆንኩ አላልኩም። ገበያ ወጥቼ ዋጋ ሳልጠይቅ ሽንኩርት አስመዝኜ አውቃለሁ፣ ያንን ነው የምለው።

ያቺ ሙሽራ የመጣችው ለጥር ሠርግ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ሳቋ ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚጠፋ ልጅ ናት። ስለ ንድፉ ተነጋግረን ጨርሰን፣ ልትሄድ ከተነሣች በኋላ ተመልሳ ተቀመጠች። አያ መኪናውን አቆመ፤ ሰው ሊያለቅስ ሲል ያውቃል። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰው የጠመኔ ዱቄት ውስጥ ጣቷን አስገብታ አንዲት ወፍ ሣለች። ጭንቅላቷ ከሰውነቷ የሚበልጥ፣ ጅራቷ ወደ ላይ የተቆለመመ፣ አንድ እግር ብቻ ያላት ወፍ።

ወንድሟ የሚሥላት ወፍ ናት። ልጅ ሳለ የኩሽናቸው ግድግዳ ላይ በከሰል ጀመራት፤ ከዚያ በደብተሩም፣ በበሩም፣ በእህቱ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይም ይሥላት ገባ። ሌላው እግሯ የታለ ሲሉት፣ ተኝቷል ይል ነበር። እናታቸው በየዓመቱ ለቅዱስ ዮሐንስ ግድግዳውን ኖራ ሲቀቡ ወፏን በዙሪያዋ እያለፉ ነው የሚቀቡት። ልጁ ወደ ጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም። አብሮት የነበረ ጓደኛው መጥቶ መሞቱን ነግሯታል፤ ለሷ ብቻ።

«ለእናቴ አልነገርኳትም» አለችኝ። «ሠርጉ ይለፍ ብዬ ነው።»

መርዶ በእኛ አገር እንደ ወሬ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እናትየዋ ደግሞ ደም ግፊት አለባቸው፤ ልጄ አንድ ቀን ብቅ ይላል እያሉ አልጋውን ጠዋት ጠዋት ያነጥፋሉ። ሙሽራዋ ሐዘኑን ለብቻዋ ይዛ ልትዳር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሟ በሠርጓ ቀን አብሯት እንዲሆን ወፏን ቀሚሷ ላይ ፈለገቻት፣ ግን ማንም በማያይበት ቦታ። ከኋላ፣ ከታችኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል፣ ተረከዟ አጠገብ። ስትራመድ እዚያ መኖሯን እሷ ብቻ እንድታውቅ።

የኔ አንጀት እንደ አፌ አይደለም። «ከአንቺ ቀሚስ በቀር ይቺ ወፍ የትም አትታይም» አልኳት። ቃሌን የሰጠሁት በደንባችን ተማምኜ ነው፤ ወረቀቱን እኮ የምሰጠው ለሷ ነው።

አያ ወፏን ጠለፋት። ጨርሶ ክሩን በጥርሱ ሲቆርጥ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አያት። ቀሚሱ አለቀ፣ እንደ ወጉ ለመተኮስና ለመለካት ወደ ሱቁ ሄዶ ጥቂት ቀን እዚያ ተሰቅሎ ቆየ፣ ሠርጉም ሆነ። ተጠርቼ ሄጃለሁ። እናትየዋ፣ አደይ ነው የምላቸው እንደ አካባቢው ሰው፣ እናቴ ማለት ነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲጨፍሩ አየሁ። ሙሽራዋ በዞረች ቁጥር ዓይኔ ተረከዟ ላይ ነው፤ ምንም አይታይም። ኩራት ኩራት አለኝ፤ ቤቴ እስክገባ አልለቀቀኝም።

መርዶው ከሠርጉ በኋላም አልተነገረም። መጀመሪያ ጾም ገባ፣ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ከዚያ የአደይ ግፊት ከፍ አለ፣ ይረጋጉ ተባለ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ፣ እስካሁን ለምን ደበቃችሁኝ የሚለው ጥያቄ ራሱ ሌላ ሸክም ሆነ። ሙሽራዋ አልፎ አልፎ ስትደውልልኝ ይህን ትነግረኛለች። እኔም እንደ ሰው ሁሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ይነገራል እላታለሁ።

ክረምት ገባ። ወትሮ የአሸንዳ ትእዛዝ የሚጎርፍበት ጊዜ ነው፤ በነሐሴ የከተማው ልጃገረድ ሁሉ አዲስ ቀሚስ ትፈልጋለች። አልጎረፈም። ባለ ሱቋ ስደውል አታነሣም፣ ብታነሣም እደውልልሻለሁ ብላ ትዘጋለች። አያ መኪናውን ዘይት ቀባ፣ ጠራረገ፣ እንደገና ቀባ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ታክሲ ይዤ ሮማናት ወረድኩ።

ሱቋ ደጃፍ ላይ ገሚሱ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የቀሚስ መዓት ተሰቅሏል። ጨርቁ ስስ ነው፣ ያብለጨልጫል። አልፌ ልገባ ስል አንድ ነገር ያዘኝ። የአንገቱ ሐረግ፣ የእጅጌው መስቀል፣ ደረቱ ላይ የሚወርደው መስመር የራሴ እጅ ነው። ሰው ጽሕፈቱን ማንም ቢገለብጠው አያጣውም። ያ በጥር የተዳረችው ሙሽራ ቀሚስ ንድፍ ነበር። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ገለጥ አደረግኩ።

ወፏ ናት። በውስጥ በኩል ሳይሆን በውጭ። አንዷን ብቻም አይደለም፤ የቀሚሱን ዙሪያ ወፍ በወፍ አድርገውታል፣ አንዷ የሌላዋን ጅራት እየተከተለች። ጭንቅላቷ ያው ትልቅ፣ ጅራቷ ያው የተቆለመመ። እግሯም ያው አንድ። እግር እንኳ አልጨመሩላትም፤ ያዩትን ነው የሠሩት።

ባለ ሱቋን ሙልጭ አድርጌ ሰደብኳት። በአማርኛ ጀምሬ በትግርኛ ጨረስኩ፣ ደንበኞቿ እየሰሙ። እሷ አልተቆጣችም፣ ይሄ ነው የባሰ ያቃጠለኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ቀሚሱ እሷ ጋ ተሰቅሎ በነበረ ጊዜ ከፊት ከኋላ፣ ከውጭ ከውስጥ ፎቶ አንሥታ ባሕር ማዶ ላለ ፋብሪካ በቴሌግራም እንደላከች ሳትደብቅ ነገረችኝ። ለምን ስላት ወደ ጎረቤት ሱቅ በአገጯ አመለከተችኝ። እዚያ፣ ከዚያ ቀጥሎ፣ ፊት ለፊትም፣ ሁሉም የሚሸጡት ከኮንቴይነር የወረደ ቀሚስ ነው። የአንዱ ዋጋ እኛ ለክር ብቻ የምናወጣውን ቢያህል ነው። ሴቶቹ መጥተው የኔንና የአያን ቀሚስ ይዳስሳሉ፣ እጃችሁ ይባረክ ይላሉ፣ ሄደው ማዶ ይገዛሉ። ልብስ የሚሰፋበት ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለው ከተማ ውስጥ ተቀምጠን የአሸንዳ ቀሚስ ባሕር ተሻግሮ ይመጣልናል።

«አንቺ የምትዪውን ዋጋ የሚከፍል ሰው አምጪልኝና ይሄን ሁሉ ነገ አቃጥለዋለሁ» አለችኝ።

የሱቅ ኪራይ እንዳለባት አውቃለሁ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ይባስ ብላ ደግሞ ሥራ አቀረበችልኝ። ፋብሪካው ንድፉን ወዶታል፣ ሌላም ላኩልን ብሏል። የሚከፍሉት ለአንዲት ሙሽራ ስሥል ከማገኘው ሲሶውን እንኳ አይሞላም፤ ያንኑ ሥዕል በስንት ቀሚስ ላይ እንደሚያወጡት የሚያውቀው እግዜር ነው፣ ለኔ ግን አንዴ ከፍለው አበቃ። ይህን ስላት እንደ ሕፃን አየችኝ።

«እዚያ ተቀምጠው የሚሥሉትን ሰዎች ክፍያ ብነግርሽ ታለቅሺላቸዋለሽ። አንቺን የሚያወዳድሩሽ ከነሱ ጋር ነው።»

እነዚያ የማኒላውና የካራቺው ልጆች ዞረው ዞረው ሮማናት ድረስ መጡብኝ። በነሱ እንኳ መናደድ አልቻልኩም። እዚያ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የወፏን ጅራት መስመር በመስመር የተከተለች አንዲት ሴት ታየችኝ፤ የወፏ ነገር ምኗም ያልሆነ፣ ቶሎ ጨርሺ የምትባል። አልፈልግም ብያት ትቻት ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ለአያ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ለሙሽራዋ ነግረሻታል ወይ አለኝ። አልነገርኳትም። ስልኩን አንሥቼ ስሟ ላይ ስደርስ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምናልባት አታየው ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሁለቴ ሲታጠብ ያልቃል፣ አሸንዳ ያልፋል፣ ወፏም አብራ ታልፋለች እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ትእዛዝ የሚባል ነገር ጠፋ። አያ የተማሪ ዩኒፎርም መጥቀም ጀመረ። ያ እጅ የተቀደደ የሱሪ ጉልበት ሲደርት ማየት ያማል፤ እሱ ግን አላጉረመረመም፣ እኔ ነኝ በሱ ፈንታ ያጉረመረምኩት። እኔም ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ መጠየቅ፣ ጠይቄም ትቼ መሄድ ጀመርኩ። በመጨረሻ ለባለ ሱቋ ደወልኩላትና እሺ አልኳት። የፋብሪካው ትእዛዝ በማግሥቱ ደረሰኝ፤ ከሁሉ ወፏ ስለተወደደች ያችኑ ወፍ አጉልተሽ ሥዪልን የሚል ነው።

አሸንዳ ሆነ። ልጃገረዶቹ በቡድን በቡድን ሆነው ከበሮ እየመቱ በየሰፈሩ ይዞራሉ፣ በየደጁ ይጨፍራሉ፣ ይሸለማሉ። እኔ ያን ቀን በሬን ዘግቼ ዋልኩ። የሆነውን የሰማሁት ከሙሽራዋ ነው።

አደይ ደጃቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃገረዶቹ መጡ፣ ከበቧቸው፣ ዘፈኑላቸው። አደይ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ሊፈቱ ጎንበስ ሲሉ አንዷ ልጅ እየጨፈረች ዞረች፤ ቀሚሷ ዓይናቸው ፊት ተገለበ። አደይ ጠርዙን በእጃቸው ያዙት፣ አለቀቁም። ከበሮው ቆመ። ልጅቷ ቀሚሴ ቆሽሾ ይሆናል ብላ ደነገጠች። ማን ነው የሣለው አሏት። ከገበያ ነው የተገዛው አለች። ገበያውስ ከየት አመጣው አሏት። ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ እዚያ ነው የሚሣለው ብላ መለሰችላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደይ ሌላ ሰው ሆኑ። ልጄ እዚያ ነው፣ ቀሚስ እየሣለ ይኖራል፣ ወፏን የላከልኝ እንዳውቅ ብሎ ነው ይላሉ። ሮማናት ሄደው አንዱን ቀሚስ ገዝተው አልጋው ላይ ዘረጉት። ለጎረቤት ሁሉ እያሳዩ ነው። ጎረቤት ምን ይላል? እሰይ እሰይ ይላል እንጂ።

ሙሽራዋ ይህን ልትነግረኝ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ነው የጀመረችው። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለች። የሱቁን፣ የፎቶውን፣ የኮንቴይነሩን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላት። እያየችኝ አልሰማችኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አዲሱን የፋብሪካ ንድፍ ስታይ ደግሞ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ያሰበችውንም ነገረችኝ። እናቷን ታመጣቸዋለች። እኔ፣ ወፏን ከኩሽናችሁ ግድግዳ ላይ አይቼ ወድጃት ነው ለልጅዎ ቀሚስ የሣልኳት፣ እነዚያ ከኔ ገለበጡ እላቸዋለሁ። እዚያው ፊታቸው እርሳስ አንሥቼ እሥላታለሁ። ሌላም እጅ ሊሥላት እንደሚችል ሲያዩ ያምናሉ።

«መርዶውን እኔው እነግራታለሁ፣ ቆርጫለሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ ግን ልቧን ከዚያ አገር መልሺልኝ።»

እሺ አልኳት። ቀላል ነገር ነው፤ ለእውነትም ቅርብ ነው። ሌሊቱን በልቤ ደጋግሜ ተለማመድኩት።

መጡ። አደይ ትንሽዬ ናቸው፣ ነጠላቸው ጸዐዳ፣ የገዙትን ቀሚስ በፌስታል ይዘውታል። አያ ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው፣ ከኔ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጣቸው፣ ወደ መኪናው ተመልሶ እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆመች። ሰላምታው እስኪያልቅ እርሳሱን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። የምለው አፌ ላይ ነው፤ አደይ፣ ይቺን ወፍ የሣልኳት እኔ ነኝ።

አደይ ቀደሙኝ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ወረቀት፣ ትልልቆቹን ወፎች አዩ። አልገረማቸውም። መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ እንደ ልጅ ግንባር አሳረፉት። በትግርኛ ነው የተናገሩት፣ ቀስ ብለው፣ እኔ እንድከተላቸው።

«ይሄ ወደዚያ ነው የሚሄደው?»

አዎ አልኩ። እውነትም ወደዚያ ነው የሚሄደው።

«አንቺ ሙያሽ ነውና ታውቂያለሽ። እዚያ ለሚሥሉት ደህና ይከፍላሉ?»

ስንት ወር ሙሉ አፌን ሞልቼ የማወራው ስለዚህ ነበር። ባሌ፣ አያ፣ የታክሲው ረዳት ሳይቀር ሰምቶኛል። ባለ ሱቋ ያለችኝ፣ ታለቅሺላቸዋለሽ ያለችኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት። ንገሪያት በሚል ዓይን እያየችኝ ነው። የአደይ ዓይን ግን ከሷ ይቀርባል፤ ልጃቸው በልቶ ማደሩን ነው የሚጠይቀኝ።

«ደህና ይከፍላሉ፣ አደይ» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ፤ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁት። «እንግዲያ ለመሳፈሪያ አይቸገርም።»

አያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አሁንም ጊዜ ነበረኝ። እርሳሱ እጄ ላይ ነው፣ ወፏን ልሥልላቸው እችላለሁ፣ አዩ፣ የኔ እጅ ነው ልላቸው እችላለሁ። አደይ እርሳሱን አዩና ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ።

«ሁለተኛ እግሯን ሥዪላት» አሉኝ። «ተኝቷል ይል ነበር። ሲያያት መንቃቱን ያውቃል፤ ተነሥቶ ይመጣል።»

ሣልኩላት። የመጀመሪያዋን ወፍ፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ ከሷ ቀጥሎ ያለችውን። አደይ እርሳሱን በዓይናቸው እየተከተሉ እዚያች አጠር አድርጊያት፣ እዚህች ጣት ጨምሪላት ይሉኛል። ስጨርስ እጄን ስመው፣ መርቀውኝ ተነሡ።

ልጅቷ ከበሩ መለስ አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም። «አንቺም እንደኔ አቃተሽ» ብላኝ እናቷን ደግፋ ወጣች።

ሌላ ንድፍ መላክ እችል ነበር፤ አደይ ግን በነሐሴ ጠርዝ ጠርዙን እንደሚያዩ አውቃለሁ፣ ያችኑ ላክሁ። ፋብሪካው ለእግሯ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም፤ ያው የተለመደውን ከፈለኝ፣ ግማሹን ለአያ ሰጠሁት። መርዶው እስካሁን አልተነገረም። በሚመጣው አሸንዳ ወፏ በሁለት እግሯ ቆማ ከኮንቴይነር ትወርዳለች፤ አደይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።